የጠቆረው ዘይትና የመምሬ ግዝት

ሰው ከሰው የሚጣላበት ምክንያት ሞልቷል። አንዱ በእርሻ ወሰን ይጣላል፤ አንዱ በውርስ፤ አንዱ ደግሞ ሰርግ ሳይጠሩት ቀርተው። እኔ ግን ከሾፌሬ፣ ከዘይት ነጋዴዬ፣ ከባለቤቴና ከአንድ የጉና ገበሬ ጋር በአንድ ሰሞን የተጣላሁት በቀለም ነው። የቤት ቀለም እንዳይመስላችሁ። የሞተር ዘይት ቀለም! ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው ስለሌለ የእናንተ ቢጨመር ምንም አያጎድልብኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። የጭነት መኪና ከመግዛቴ በፊት ባጃጅ ነበረችኝ። ባጃጇ በቤንዚን የምትሄድ ስለሆነች ዘይቷ ቶሎ አይጠቁርም ነበር። ከተቀየረ ከብዙ ቀን በኋላ እንኳ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዘው እንደ ማር ቢጫ ሆኖ ይወጣል። እኔም ከዚች ባጃጅ ተነስቼ ራሴን የዘይት አዋቂ አድርጌ ሾምኩ። ሰው መኪናውን አቁሞ ኮፈን ከከፈተ እኔ አጠገቡ ነኝ። ዘንጉን እቀበለዋለሁ፤ ወደ ፀሐይ አነሳዋለሁ፤ ዐይኔን አጨማድጄ «ገና ነው፣ ንዳት» ወይም «አልቆለታል፣ ቀይረው» እላለሁ። ሰዎቹም «እሺ» ይሉኝ ነበር። አምነውኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዘንጋቸውን እንድመልስላቸው ኖሯል።

ባጃጇን ሸጥኩና ያገለገለች የናፍጣ ጭነት መኪና ገዛሁ። ያገለገለች ስል በትሕትና ነው፤ ሰው ብትሆን ኖሮ ጡረታ ከወጣች ቆይታ ነበር። ዳገት ስትወጣ የምታሰማው ድምፅ የሕመምተኛ ነው፤ የምትተፋው ጭስ ደግሞ ከኋላዋ ያለውን አገር ሁሉ ይጋርዳል። ቢሆንም የእኔ ናት። ከጉና ጥግ ድንችና ገብስ ጭና ትወርዳለች፤ አንዳንዴም ጤፍ ጭና እስከ ወረታ ትዘልቃለች።

የምትነዳው በይበልጣል ነው። ይበልጣል ዝምተኛ ወጣት ነው። መንገድ ላይ በግ ከተኛ መኪናዋን አቁሞ፣ ወርዶ፣ በጉን በትሕትና የሚያስነሳ ሾፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሊያገባ ነበር። ድንቻቸውን የምናመላልስላቸው አያ ደምሌ የሚባሉ የጉና ሥር ገበሬ አሉ፤ ልጃቸው አዝመራ ትባላለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ቀለበት ሊታሰር፣ ሰርጉም ለጥር ተቆርጦ ነበር። ልጁ በዚያ ሰሞን መሪውን ይዞ ለብቻው ፈገግ ይል እንደነበር እኔው ራሴ አይቻለሁ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የመኪናዋን ዘይት ያስቀየርኩት። አዲሱን ዘይት የገዛሁት ሁልጊዜ ከምገዛበት ከሐጅ ኑርዬ ሱቅ ነው። አሮጌው ሲፈስ ቆሜ አየሁ፤ ፊልትሮው ሲቀየር ቆሜ አየሁ፤ አዲሱ ቢጫ ዘይት እየተጥመለመለ ሲገባም ቆሜ አየሁ። ደስ አለኝ። በማግስቱ ይበልጣል ጉና ደርሶ፣ ድንች ጭኖ፣ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ለቅሶ ልደርስ ነጭ ጋቢዬን ደርቤ በመኪና ማቆሚያው በኩል ሳልፍ፣ እጄ አላስችል አለኝና መለኪያውን መዘዝኩት።

ጥቁር! የድስት ቂጥ! መጀመሪያ የሌላ ሰው መኪና የመዘዝኩ መስሎኝ ሰሌዳዋን አየሁ። የእኔው ናት። ዘንጉን ጠርጌ እንደገና ብከተው እንደገና ጥቁር። የጠረግሁት በጋቢዬ መሆኑን ያወቅሁት ቤት ገብቼ ባለቤቴ ስትጮህ ነው።

«ይበልጣል!» አልኩ።

«አቤት ጋሼ።»

«ይኸ ምንድነው?»

«ዘይት ነዋ።»

«ትናንት ያስገባሁት ዘይት ቢጫ ነበር።»

«አዎ፣ ቢጫ ነበር።»

«ዛሬ ለምን ጠቆረ?»

«ናፍጣ ነዋ ጋሼ። ይጠቁራል።»

«ናፍጣ ከሆነስ ለምን ይጠቁራል?»

«ናፍጣ ስለሆነ ነዋ።»

እስቲ አሁን ይኸ መልስ ነው? ኋላ መካኒኩንም ጠየቅሁ፤ «ናፍጣ ነው» አለኝ። አጠገቡ የቆመውን ሌላ ሾፌር ጠየቅሁ፤ እሱም እንደ ሞኝ እያየኝ «ናፍጣ እኮ ነው» አለ። አገሩ ሁሉ ተማክሮ አንድ መልስ የያዘብኝ መሰለኝ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የጠፋበት ከተማ ውስጥ ብቻዬን ጠያቂ ሆኜ መቅረቴ አንገበገበኝ። በመንገብገቤም አፌ አመለጠኝ። ጫኝና አውራጁ፣ ተሳፋሪው፣ ቆሎ ሻጯ ሁሉ ቆመው እየሰሙ፣ «አዲሱን ቀድተህ ሸጠህ የተቃጠለ ዘይት ሞልተህበት ይሆናል!» አልኩት።

ልብ አድርጉ፤ «ይሆናል» ነው ያልኩት። «ነው» አላልኩም። ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ ለስንት ሰው አስረድቻለሁ፤ አንድም የተቀበለኝ የለም።

ይበልጣል አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደፊት ታጥፎ የነበረውን ጋቢና ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰና፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሰው መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ሄደ።

ወሬ ናፍጣ አይጠይቅም፤ ጎማ አይፈነዳበትም። መኪናዋ ግማሽ ቀን የምትለፋበትን የጉና መንገድ እሱ ሳይመሽ ወጥቶ እዚያው አደረ። በማግስቱ ጠዋት አያ ደምሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆመዋል። ግቡ ብል አልገባም አሉ።

«ይበልጣል ሌባ ነው አሉ። ዕውነት ነው?»

«ኧረ አያ ደምሌ፣ እኔ ይሆናል ነው ያልኩት!»

«ይሆናል ለተባለ ሰው ልጄን ልስጥ? አንተ ብትሆን ትሰጣለህ?»

አሁንም ግቡ አልኳቸው፤ እግራቸውን አላነሱም። 

«በል እንግዲህ» አሉ፣ «ወይ ሌባ ነው በለኝና ልጄን ልያዝ፤ ወይ ሌባ አይደለም በለኝና ቀለበቱ ይታሰር። መሐል ላይ አታንጠልጥለኝ። ዘመድ ተጠርቷል፤ ጠላ ተጠንስሷል።»

ሌባ ነው እንዳልል አላየሁትም። ሌባ አይደለም እንዳልል ዘይቱ ጥቁር ነው። ጭንቅላቴ ሲዞር ቆየና አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ እኔ ሐሳብ ሲመጣልኝ ባለቤቴ ትደነግጣለች። ይበልጣልን ነፃ ለማውጣት ሌላ ጥፋተኛ ይፈለግ አልኩ! ሾፌሩ ካልሰረቀ ዘይቱ ራሱ የተጭበረበረ መሆን አለበት ብዬ ወደ ሐጅ ኑርዬ ሱቅ ገሰገስኩ።

ሐጅ ኑርዬ ከአባታቸው ጀምሮ በዚያው ሱቅ የኖሩ፣ የመንደሩ ሰው አደራ የሚያስቀምጥባቸው ሰው ናቸው። ነገሩን በዘዴ ለመጀመር ፈልጌ «ሐጅ፣ ይኸ ዘይት ከየት ነው የሚመጣልዎ?» አልኳቸው። ዘዴዬ እዚያው አለቀ። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩኝና ከዚያው ዓይነት ያልተከፈተ ጀሪካን አውጥተው ከፈቱ። በብርጭቆ ቀድተው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። ማር ነው።

«ወላሂ! ዘይቴ ሱቄ ውስጥ እንዲህ ነው። ያንተ መኪና ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚያገኘው እኔ ገብቼ አላየሁም! ትናንት ልጁን ሌባ አልክ፤ ዛሬ እኔን አጭበርባሪ ልትል መጣህ። ነገስ ማን ጋ ነህ?»

«ሐጅ፣ እኔ እኮ ለምን እንደሚጠቁር…»

«ናፍጣ ነው!» አሉ፤ ጀሪካኑንም አንስተው አስታቀፉኝ። «ይህንንም ውሰድና አጥናው።»

ጀሪካኑን ታቅፌ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ጋቢውን ለስንተኛ ጊዜ እንደምታጥበው እንጃ፣ አረፋ በአረፋ ሆና ቀና አለችና፣ «ሾፌሩን ጨረስክ፣ ነጋዴውን ጨረስክ፤ እንግዲህ የቀረነው እኔና መምሬ ነን። እኔን ተወኝ፤ መምሬን ጥራ» አለችኝ። ለነገሩ ከዚያ የተሻለ ምክር ከማንም አላገኘሁም።

መምሬ ውበቱ የነፍስ አባታችን ናቸው። እርቅ ይወዳሉ። አንዳንዴ እንዲያውም ጠብ ሲጠፋ ቅር የሚላቸው ይመስለኛል። ጉዳዩን እንደሰሙ አያ ደምሌን አስጠሩ፤ ይበልጣልን አስጠሩ፤ መኪናዋንም ግቢዬ ውስጥ አስገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ይበልጣል እጁን አጣምሮ ቆመ። ሞተሯ እንዲታይ ጋቢናዋ ወደፊት ሲታጠፍ መኪናዋ ሽማግሌዎቹን እጅ የነሳች መሰለች።

ክርክሩ ረዘመ። ይበልጣል «አልነካሁም» ይላል። እኔ «ጠቁሯል» እላለሁ። ሁለታችንም ዕውነታችንን ነው፤ ሁለቱ ዕውነት ግን አልገጥም አለ። በመጨረሻ መምሬ ዘውድ የመሰለ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ፍርድ ሰጡ። ዘይቱ እንደገና በአዲስ ይለወጥ፤ ሁላችንም እያየን ጉና ደርሰን እንመለስ፤ ማንም እንዳይነካው ደግሞ ይገዘት!

አዎ፣ ሰምታችኋል። የሞተር ዘይት ሊገዘት ነው። ማር በግዝት ይጠበቃል፤ ደን በግዝት ይጠበቃል፤ ሞተር ግን እስከማውቀው የእኔ የመጀመሪያው ነው። ሐጅ ያስታቀፉኝ ዘይት ለዚሁ ዋለ። አሮጌው ፈሰሰ፤ አዲሱ ገባ፤ በጀሪካኑ ሥር የተረፈው መኪናዋ ላይ ተጫነ። እኔ ደግሞ ማንንም ላለማመን ቆርጬ ስለነበር የማፍሰሻውን ቡሎን ራሴ መኪናዋ ሥር ተኝቼ አሰርኩት። ይበልጣል «ጋሼ፣ ላጥብቀው?» ቢለኝ «እጅህን!» ብዬ ጮህኩበት። መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው «ይህን ዘይት ከእንግዲህ የነካ፣ የቀዳ፣ የጨመረ፣ የለወጠ፣ በእግዚአብሔር ቃል የተገዘተ ይሁን!» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። መኪናዋ ብቻ ዝም አለች።

ጋቢናው ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። ይበልጣል ይነዳል፤ መምሬና አያ ደምሌ ይቀመጣሉ። ታዲያ ባለቤቱ የት ይሁን? ባለቤቱ ከኋላ! ባዶ የጭነት መኪና ላይ፣ በኅዳር ብርድ፣ ወደ ጉና ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? አትውጡ። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር እኔ ወደ ላይ እነሳለሁ፤ ስመለስ መኪናዋ ቦታ ቀይራ ትጠብቀኛለች። ከፊት መስኮት መምሬ ተረት ሲያወሩና አያ ደምሌ ሲስቁ ይሰማኛል። በገዛ መኪናዬ!

ጋሳይ ከተማ ስንደርስ መምሬ አስቆሙ። ዘመዳቸው ቤት ክርስትና አለ። «ቡራኬ ሰጥቼ ብቻ እመለሳለሁ፤ እናንተ ውጡ፤ በመመለሻችሁ ውሰዱኝ» ብለው ወረዱ። «እንዴ መምሬ፣ ጥበቃውስ?» ብላቸው ወደ ሞተሯ እያመለከቱ «ግዝቱ አለ አይደል?» አሉኝ። ግዝቱ አለ። ውይ፣ ግዝቱማ አለ!

የጉናን ዳገት እያጋመስን ሳለ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ይበልጣል ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደ። «ቀዩ መብራት በራ፤ የዘይቱ» አለ። ጎንበስ ብለን ከሥሯ አየን። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የማፍሰሻው ቡሎን ላልቷል። ማን እንዳሰረው አትጠይቁኝ፤ ነግሬያችኋለሁ።

«ይበልጣል፣ አጥብቀው እንጂ!» አልኩ።

«ኧረግ! ግዝቱስ ጋሼ?»

«እንዴ፣ ቡሎን እኮ ነው!»

«ቡሎኑ በዘይት ርሷል። ስነካው ዘይቱን ነካሁ ማለት ነው። ስሜ መጥፋቱ አነሰና ነፍሴም ትጥፋ?»

አያ ደምሌን አየኋቸው። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። «እኔን አትየኝ፤ የአምስት ልጆች አባት ነኝ» አሉ። ታዲያ አንተስ አትሉኝም? እኔማ የገዛ አሜኔ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል፤ ደግሞም ሌሎቹን ስናገር የነበርኩ ሰው ልገዘት? ስለዚህ ሦስት ጎልማሳ ወንዶች ሆነን፣ እጃችንን አጣምረን፣ ዘይታችን ጠብ ጠብ ሲል ቆመን አየን። አያ ደምሌ «ከሥሩ ጣሳ ብናደርግስ?» አሉ። በዚህም ተከራከርን። ጣሳው ቢነካው የሚገዘተው ጣሳው ነው ወይስ ጣሳውን ያስቀመጠው? ኋላ ጣሳውን ራቅ ብለን በአያ ደምሌ ዱላ እየገፋን ከሥሩ አደረስነው። ዱላው ምን እንደሚሆን ማንም አላነሳም።

ስልክ ላወጣ ኔትወርክ የለም። ድንጋይ ላይ ወጣሁ፤ የለም። ከፍ ያለ ጉብታ ላይ እያለከለክሁ ስወጣ አንድ መስመር ብልጭ አለች። ደወልኩ።

«መምሬ! ግዝቱን ይፍቱልን! ዘይቱ እየፈሰሰ ነው!»

ከጀርባቸው እልልታ ይሰማል። «ምን አልክ?»

«ግዝቱን! አሁኑኑ! በስልክ!»

«በስልክ?» አሉ፤ ድምፃቸው ከበደ። «ልጄ፣ በስልክ ገዝቼ አላውቅም፤ በስልክ አልፈታም። መጣሁ።»

መጣሁ ያሉት የክርስትናውን ዳቦ ከቆረሱ በኋላ መሆኑን ያወቅሁት ድፎው በነጠላቸው ተጠቅልሎ ከሚኒባስ አብሯቸው ሲወርድ ነው። እስኪመጡ ድረስ አያ ደምሌ ጣሳው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ጠብታውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በቀስታ፣ «እኔ የምለው» አሉ፣ «ይኸ የሚወርደው ጥቁር ነው።»

ሁላችንም ተጎነበስን። ጣሳው ውስጥ ያለው ዘይት ጥቁር ነው። የድስት ቂጥ! ጠዋት በዐይናችን በብረቱ ያየነው ቢጫ ዘይት፣ ማንም ሳይነካው፣ ግዝት እየጠበቀው፣ ሦስታችንም አጠገቡ እያለን ጠቁሯል።

«እንግዲህ ማን ሰረቀው?» አልኩ ሳላስበው።

አያ ደምሌ ቀና ብለው እንዴት እንዳዩኝ ባልነግራችሁ ይሻላል።

መምሬ ግዝቱን ፈቱ። ይበልጣል ወዲያው ገብቶ ቡሎኑን አጠበቀና በጀሪካኑ የተረፈውን ዘይት ጨመረላት። መምሬ ጣቶቻቸውን ጣሳው ውስጥ ነከር አድርገው አሻሹ፤ ወደ ብርሃንም አነሱት። «ይኸማ ቀለም ነው» አሉ። «የቆሎ ተማሪ ሳለን የምጣድ ጥላሸት ፍቀን ነበር የመጻፊያ ቀለም የምንበጠብጠው። ለማሰሮ ሙሉ ቀለም ጭብጥ ጥላሸት ይበቃል። የሚገርም ጥራት አለው እኮ!» ጣሳውን አንስተው ይዘውት ሊሄዱ ነበር፤ በስንት ልመና አስተውናቸው።

አያ ደምሌ ግንባራቸውን መቱ። «ኩራዝ!» አሉ። «ላምባ ያለቀብን ጊዜ ኩራዙ ውስጥ ናፍጣ ጨምሬ ነበር። አድረን ስንነሳ የሁላችንም አፍንጫ ጠቁሮ፣ ግድግዳው ጠቁሮ፣ ድመቷ ሳትቀር ጠቁራ! ናፍጣ ሲቃጠል ጥላሸቱ መከራ ነው። ታዲያ እዚህ ሞተር ውስጥ ስትቃጠል የምትውለው ምን ልትሆን ነው?»

ያኔ ይበልጣል፣ በዚያ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሞተሩ ውስጥ ናፍጣው ሲቃጠል ጥላሸቱ በፒስተኑ ጎን እየሾለከ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱም እያጠበ ይሰበስበዋል፤ ብረቱ ላይ እንዳይጋገር ይዞት ይዞራል። አሮጌው ሲፈስም ጥጋጥጉ ውስጥ የሚቀር አለ፤ አዲሱን ገና ሲገባ ያጠቁረዋል። «ባይጠቁር ነበር የሚያስፈራው» አለ። «ጥላሸቱ ሁሉ ብረቱ ላይ ቀርቷል ማለት ነበር። ዘይቱ የሚቀየረው ኪሎ ሜትሩ ሲደርስ ነው እንጂ ቀለሙ ሲጠቁር አይደለም።»

ንዴቴ እንደገና ገነፈለ። ይኸ ሁሉ ብርድ፣ ይኸ ሁሉ ጣጣ! «ታዲያ ያን ዕለት ለምን እንዲህ ብለህ አልነገርከኝም?»

«ጋሼ» አለኝ መሬት መሬት እያየ፣ «ለምን ብለው ጠይቀው መልሱን ሳይሰሙ እኮ ነው ሌባ ያሉኝ።»

ይሆናል ነው ያልኩት ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

አያ ደምሌ ተነሱ። ቀለበቱ ይታሰራል አሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር አዘዙኝ፤ ስሙን ያጠፋሁበት ቦታ ቆሜ ስሙን እንድመልስ፣ ለጋብቻውም ዋስ እንድሆን። «ያጠራጠርከኝ አንተ ነህ፤ የምታስተማምነኝም አንተ ነህ» አሉ። በእኛ አገር ጋብቻ ዋስ የሆነ ሰው የሙሽራውን ጥፋት ሁሉ ትከሻው ላይ ያነሳል። እሺ አልኩ፤ ምን ምርጫ አለኝ?

የመጀመሪያው ትእዛዝ ቀላል መስሎኝ ነበር። በገበያ ቀን መኪና ማቆሚያው መሐል ቆሜ «ሰዎች! ይበልጣል አልሰረቀም! ዘይት በጥላሸት ነው የሚጠቁረው!» ብዬ ጮህኩ። ሌባ የመሰለኝ ቀን ቆሞ የሰማኝ ሕዝብ፣ ሌባ አይደለም ስል ሥራ በዛበት። ጫኙ ጆንያ አነሳ፤ ተሳፋሪው ተሳፈረ። ቆሎ ሻጯ ብቻ «ምን ጠፋ ነው የሚለው?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች። እየተከተልኩ፣ እጅጌ እየያዝኩ፣ ለእያንዳንዱ ማስረዳት ነበረብኝ። የጎሮሮዬ ነገር እስካሁን አልተስተካከለም። ሐጅ ኑርዬን ይቅርታ ስጠይቃቸው ደግሞ ይቅር አሉኝ፤ ዳሩ ግን ዘይት በገዛሁ ቁጥር በብርጭቆ ቀድተው ሳያሳዩኝ አይሸጡልኝም።

የቀለበቱ ቀን ደረሰ። አያ ደምሌ ቤት ዘመድ አዝማድ ግጥም ብሏል። አዝመራን እዚያ ነው በቅርብ ያየኋት። እጅ ስታስታጥበኝ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ አባቴም መምሬም አንቱም ያን ሁሉ ዳገት ዘይት ስትጠብቁ ወጣችሁ አሉ። እኔን አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ እኮ አይሰርቅም እል ነበር» አለችኝ። በታጠበ እጄ ምን እንደምይዝ ጠፋኝ።

ከምግብ በኋላ መምሬ «ዋሱ ማነው?» ሲሉ ተነሳሁ። ይበልጣል ሙሽርነቱን ይዞ ከፊቴ ተቀምጧል። ሥራውን እየሠራ፣ «አቤት ጋሼ» እያለኝ፣ ከዚያ ከዘይቱ ቀን ጀምሮ ግን ዐይኔን አይቶ አያውቅም።

አያ ደምሌ እንደ ልማዱ ጠየቁኝ። «ይህ ልጅ ልጄን ቢበድል?»

«እኔ አለሁ።»

«ቤቱን ጥሎ ቢሄድ?»

«እኔ አለሁ።»

«ቢሰርቅ?»

ልማዱ እኔ አለሁ ማለት ነው። ሁሉም እሱን ይጠብቃል። «አይሰርቅም» አልኩ።

አያ ደምሌ ፊታቸውን ቋጠሩ። «እሱን አልጠየቅሁህም። ቢሰርቅ ነው ያልኩህ።»

«አይሰርቅም!»

«ኧረ ልጄ፣ ሥርዓቱን ጠብቅ» አሉ መምሬ በሹክሹክታ። «እኔ አለሁ በልና እንለፍ።»

«ለሌላው ሁሉ አለሁ» አልኩ። «ለዚህ ግን ዋስ አልሆንም። አይሰርቅምና ዋስ አያስፈልገውም።»

 መምሬ አያ ደምሌን አዩ። አያ ደምሌ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው «ይለፍ» አሉ። ይበልጣል ቀና አለና አየኝ።